ሰማያዊዋን ትተን

ግንቦት 9 ቀን 2017፣ ቢታ ገነት

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ሲገባኝ ተናገርኩ፣ መናገር ሲገባኝ ደግሞ ዝም አልኩ።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከቢታ ገነት ቁልቁል ተወርዶ ወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ክረምት ሲገባ ከእኛ ይቆረጣል። ድልድይ ሊሠራ ነው ሲባል የሰማሁት አዋላጅ ነርስ ሆኜ እዚህ በተመደብኩ ሰሞን ነው፤ ዛሬም እየሰማሁ ነው። ማዶ ያለች ወላድ ወይ በታሰረ ግንድ ላይ ተጭና ትሻገራለች፣ ወይ እቤቷ ትወልዳለች። አምና አንዷ እቤቷ ወልዳ ደም ፈሰሳት። ደም የሚያቆመው መርፌ እኔ ጋ ነበር፣ እሷ ማዶ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ማንም አልተሻገረም። ባሏ ሲጣራ ከዚህ ዳር ቆመን እንሰማው ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዘንድሮ የሁለቱ ዳር ሰዎች ከቡናቸውና ከማራቸው አዋጥተው አሮጌ ጀልባ ሊገዙ ቆርጠዋል። ወፍራም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል፣ ጀልባዋ በገመዱ እየተሳበች ታመላልሳለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ ቦንጋ ቢሮ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ማዶ ወዳለው መሬታቸው የተመለሱ ሰው። የጀልባዋን ፈቃድ ጉዳይ ጨርሰን ስናበቃ፣ "ለግዥው ባለሙያ ያስፈልገናል" አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲስተር ታንጉት አለችልን እኮ። የባሕር ዳር ልጅ፣ ጣና ላይ ያደገች።"

ቤቱ አጨበጨበ። እኔም "እስቲ እንሞክራለን" አልኩ። ባሕር ዳር ማደጌ እውነት ነው። የእኛ ቤት ግን ከገበያው ጀርባ ነው። ሐይቁን የማውቀው ከዳር ነው፤ ሽታው ራሴን ስለሚያመኝ ብዙም አልቀርብም ነበር።

ግንቦት 11

ለኢሳያስ ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ጣና ዳር ጀልባ ይጠግናል። "አንዲት ጓደኛዬ አሮጌ ጀልባ ልትገዛ ነው። ምን ምን ትመልከት?" አልኩት።

"ጓደኛሽ የት ናት?"

"ከፋ።"

"ከፋ ጫካ ውስጥ ጀልባ?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ግን ሥራው ነውና ኮስተር አለ። ያለኝን ሳልረሳው ልጻፈው።

"ቀለም አይታ እንዳትሸወድ። ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ትጠይቅ። በጣቷ ታንኳኳ፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የበሰበሰ ድምፁን ይውጣል። ቢላ ትያዝ፣ ከታች ከታች ሳንቃዎቹ የሚጋጠሙበት ላይ ጫፉን ጫን ታድርግ። ሰተት ብሎ ከገባ ጥላት ትሂድ። ወለሏን አስነስታ ሆዷን ትይ። ከኋላ ቆማ ወገቧን ትመልከት፣ ከጎበጠች አትቃናም። ሚስማሯ ዝገት ያለቀሰበት ቦታ ብዙ ከሆነ እሱም በሽታ ነው። ደግሞ በነፋስ የምትነዳ የሸራ ጀልባ ከሆነች ከሆዷ መሀል ወደ ውሃ የምትወርድ ሳንቃ አለቻት፤ የሳንቃዋን ሳጥን ሥሩን ሳትዳብስ እንዳትገዛ።"

ስጽፈው ሳቄ መጣ። ይሄ እኮ የነፍሰ ጡር ምርመራ ነው። ዕድሜ፣ የቀድሞ ስፌት፣ መዳበስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ። ይሄንንስ አውቃለሁ።

ገና ሊቀጥል ነበር። "በቃ፣ ጓደኛዬ ፈጣን ናት፣ ይገባታል" ብዬ ዘጋሁት።

ግንቦት 15፣ በችኮላ

የምሥራች ለምርመራ መጣች። የማዶው የአዲሱ ሚስት ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ደሟ ዝቅተኛ ነው። የምትወልደው ነሐሴ ውስጥ፣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ። "ሐምሌ ላይ መጥተሽ ወላዶች ማቆያው ውስጥ ቆዪ" አልኳት።

"ማቆያችሁ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሲስተር። ጀልባው አለ አይደል? ሲያመኝ እመጣለሁ።"

ጀልባው ገና የለም። ይህንን ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሰኞ ጉዞ።

ግንቦት 20፣ ላንጋኖ

አራት ሆነን መጣን። እኔ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እትዬ ላቀችና አናጺው አብርሃም። እትዬ ላቀች ቢታ ገነት ሱቅ አላቸው፤ ያልተከራከሩት ሻጭ የለም። አብርሃም ቦንጋ በርና አልጋ ይሠራል። መንገዱን ሙሉ ሲያፏጭ መጣ። ሰው ከቦንጋ እስከ ላንጋኖ እንዴት ያፏጫል? ዜማው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሻጩ ሰላሐዲን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት የእንጨት ጀልባዎች አሏቸው፣ ሁለቱም ፈረንጆች ለመዝናኛ አምጥተው ትተዋቸው የሄዱ፣ ባለ ሸራ። አንዷ ሰማያዊ፣ ቀለሟ ገና የሚያበራ፣ መቀመጫዋ ላይ ስፖንጅ ያላት። ሌላዋ ግራር ሥር በአፏ ተደፍታ የምትኖር፣ ቀለሟ የተላጠ፣ አመድማ።

"ሙሽራ" አሉ እትዬ ላቀች ሰማያዊዋን እየዳበሱ። ዋጋ ሁሉ ጀምረው ነበር።

"ቆይ፣ ልያት" አልኩ። በጣቴ ማንኳኳት ጀመርኩ። ፊቷ ላይ ድምፅዋ ደህና ነው። ወደ ኋላዋ ስሄድ ድምፁ ጠፋ። እርግጠኛ ለመሆን ከቦርሳዬ የሽል ልብ ምት የማዳምጥበትን ቀንድ አውጥቼ ጆሮዬን ደቅኜ እንደገና አንኳኳሁ። እትዬ ላቀች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ይሳቁ። "ቢላ ስጠኝ" አልኩት አብርሃምን። በቀለሙ ላይ ጫፉን ጫን ሳደርገው ቆጮ ውስጥ የገባ ይመስል እስከ እጀታው ሰጠመ።

ሰላሐዲን ወደ ሐይቁ ዞሩ። 

አመድማዋን አገላብጠን ሆዷን፣ ሥሯን፣ የሳንቃዋን ሳጥን ሳይቀር ወጋሁት። ቢላው የትም አልገባም። ወገቧ ቀጥ ያለ ነው። ሚስማሯ የመዳብ ነው፣ አልዛገም። ክፋቷ አንድ ብቻ፤ በሳንቃዎቹ መሀል ፀሐይ ሾልኮ ይታያል። "ይሄ ለእኔ ይሁን፣ በስቱኮ ድፍን ነው" አለ አብርሃም። ሰላሐዲን "የእሷ ነገር እንኳ ውሃ ጥም ነው" ማለት ሲጀምሩ እትዬ ላቀች በዋጋ አቋረጧቸው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉና ለእኔ ፈረዱ። እትዬ ላቀች ግን መኪና ውስጥ ከኋላዬ ሆነው ለጎረቤት በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ሙሽራዪቱን ትታ አሮጊቷን አስገዛችን። ብታፈስ እሷን እጠይቃለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።

ከዚያ በፊት ሰላሐዲን በሰው ሞተር ጀልባ ሐይቁ ላይ ላዙራችሁ ብለውን ነበር። ሦስቱ ሄዱ። እኔ ራሴን አሞኝ ቀረሁ።

ግንቦት 24፣ ቦንጋ

ጀልባዋ በአይሱዙ ላይ ሆና ቦንጋ ገባች። ባጃጆች ሁሉ ቆሙ። ምሰሶዋ በገመድ ታስሮ ከኋላ ተንጠልጥሏል። አንዱ ባለ ባጃጅ "የሰማችሁት ጎርፍ አለ እንዴ? ለእኛም ንገሩን" አለ። ሌላው "ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሳፈረው?" አብርሃም ከላይ ሆኖ "አንተን ብቻህን ነው የምንጭንህ፣ ጥንድ የለህም" ሲለው መንገዱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ደረቴ ተነፍቶ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ግንቦት 29

ወንዝ ዳር ደረሰች። ዝናቡ ጀምሯል። ከቆርቆሮ ዳስ ሥር አስገብተናታል። አብርሃም ክፍተቱን ሁሉ በስቱኮ እየደፈነ ነው። ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ያደርቀዋል። ሲጨርስ በመዶሻ እየመታ "ስሙት፣ ሲስተር፣ ግድግዳ ሆኗል" ይለኛል። አንቱ እያለ ነው የሚያናግረኝ፣ ሥርዓት አለው።

የምሥራች መጥታ አየቻት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ትንሽ አይደለችም?" አለች። "ለአንቺ ትበቃለች" አልኳት።

ሰኔ 8

አልጽፍም ብዬ ነበር።

የሁለቱ ዳር ሰው ተሰብስቦ፣ ቄሱም ፓስተሩም ጸልየው፣ እልልታው ቀልጦ ጀልባዋ ወረደች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ቀድመው ገቡ። "ሲስተር፣ ግቢ እንጂ!" ተባልኩ። "ቦታ እንዳይጠብ" አልኩና ቆየሁ። ገና ከዳር ሳይርቁ ውሃው ከሁሉም በኩል ይፈልቅ ጀመር። ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይወድቃል። ጋሽ ሀብተሥላሴን እስከ ጉልበታቸው ረጥበው አወጣናቸው። እልልታው በየት እንደሄደ እንጃ።

"በአሮጊት ታምኖ" አሉ እትዬ ላቀች፣ ጃንጥላቸውን እየዘጉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት፣ ሁሉም ግን ሰማ።

አብርሃም "ደግሜ እደፍነዋለሁ፣ ሚስማርም እጨምራለሁ" ብሎ ማምሻውን ሥራ ጀመረ። ጀልባዋን ዳሱ ሥር ሲያስገቧት ከሆዷ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ ይሄን ድምፅ አላውቀውም። ምን እንደጎደለኝም አላውቅም። ሁሉን መርምሬ ነበር እኮ፣ ያልመረመርኩት ምን አለ? የምሥራች ከሰው መሀል ቆማ ነበር። ፊቷን ላለማየት ጫማዬን አየሁ።

ሰኔ 9

ዛሬም ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጣሁና ለኢሳያስ ደወልኩ። "ጓደኛዬ ሳይሆን እኔ ነኝ" አልኩት።

"ያኔውኑ አውቄያለሁ" አለኝ። "አፈሰሰች?"

"እንደ ወንፊት።"

"ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ነበረች?"

"ብዙ።"

"ታዲያ ደርቃ ነዋ። አንቺ ስልኩን ባትዘጊብኝ ልነግርሽ ነበር። የእንጨት ጀልባ ሲደርቅ ሳንቃው ይሸሻል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እርስ በርሱ ይያያዛል። ምን ደፈናችሁባት?"

"ስቱኮ።"

ድምፁ ተለወጠ። "አስወጡት። ዛሬውኑ ፍቁት። እንጨቱ ሊያብጥ ሲል ስቱኮው መንገድ ከዘጋበት ሳንቃዎቹን አቅፈው የያዙትን የራሷን ጎድኖች ነው የምትሰብረው። ክፍተቷ ውስጥ ጥጥ ብቻ ለስለስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከላዩ ቀጭን ሬንጅ። ከዚያ አስጥሟት።"

"ምን?"

"ድንጋይ ጫኑባትና አስጥሟት። ትጠጣ። ስትጠግብ ራሷ ትነግርሻለች።"

ሲጥ ያለው ጎድኗ ነበር ማለት ነው። ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የወረድኩት።

ሰኔ 10

ሰው ፊት ቆሞ "የገዛናትን ጀልባ አስጥሙልኝ" ማለት እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

አብርሃም መዶሻውን አስቀመጠ። "የሠራሁትን ሁሉ ፋቀው እያሉኝ ነው?"

"አዎ።"

"ለዚህ ነው የደከምኩት?"

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አንተ አይደለህም። ሳልጠይቅ ነው የጀመርነው።"

እትዬ ላቀች "እንኪያስ መጀመሪያውኑ ላንጋኖ ላይ ብታሰምጣት፣ የመኪናው ይተርፈን ነበር" ሲሉ ጥቂቶች ሳቁ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ጋሽ ሀብተሥላሴ በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

"የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ምን እናደርጋለን?" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

"ወንዝ ውስጥ እናሳድረዋለን" አለ አዲሱ፣ የየምሥራች ባል።

"እና?"

"ጠዋት ጠብቆ ይገኛል።"

"እና ጀልባ ከምን ተሠራ?"

እዚህ አገር ዝናቡ ስለማያቋርጥ እንጨት ደረቀ ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ አብርሃምም የሚያውቀው ረጥቦ የሚያስቸግር እንጨት ነው። መሮውን አነሳ። ስቱኮውን መፋቅ ሲጀምር ማፏጨቱን ትቶ ነበር። ማታ ድረስ ሲፍቅ ዋለ። አንድ የተሰነጠቀ ጎድን አገኘ፣ አንድ ብቻ፤ በአዲስ ቀየረው። አንድ ቀን ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያልቁ ነበር።

ሰኔ 13

ጥጡ ከእኔ መጋዘን ነው። ሪፖርቴ ላይ "ለአንዲት ታካሚ" ብዬ ጻፍኩ።

ወንዙ ገባ ብሎ ረጋ የሚልበት ቦታ ላይ አሰመጥናት። አፏ ብቻ ይታያል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። "የቢታዎች ጀልባ ሰመጠ" ተብሎ ቦንጋ ደርሷል አሉ። አንዷ እናት ልጅ ልታስመዝን መጥታ "ሲስተር፣ አስተኝተው የሚያክሟት መቼ ትነሳለች?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሰኔ 17

ትናንት ማታ ወንዙ ድንገት ደፈረሰና ከፍ አለ። ሄጄ ሳይ አብርሃም ገመዷን ዛፍ ላይ አስሮ፣ ሸራዋን ደርቦ ዝናብ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ የሠራው እንዲጠፋ አይፈልግም ይሆናል። ቦንጋ ሥራ የለውም እንዴ? መመለሻ መኪና አጣሁ ይላል። መኪና እኮ በየቀኑ ያልፋል።

ሻይ ወሰድኩለት። ለማንም ቢሆን እወስድ ነበር። "አመሰግናለሁ፣ አንቺንም ይበርድሻል፣ ግቢ" አለኝ።

አንቺ። ማን ፈቀደለት? ልናገረው ብዬ ረሳሁት።

ሰኔ 24

ድንጋዩን አውጥተን ውሃውን ቀዳንላት። ተንሳፈፈች። እኔ ዳር ላይ ሆኜ ነጭ ፋሻ ሰጠኋቸውና በየመጋጠሚያው እየዘረጉ አስቀመጡልኝ። የተሳፋሪ ክብደት የሚያህል ድንጋይ ጭነንባት ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቅን።  እትዬ ላቀች እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ነበር፣ ለቅሶ ላይ እንዳሉ አገጫቸውን ይዘው።

አብርሃም ፋሻዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ አመጣልኝ። ደረቅ። ደረቅ። ሁሉም ደረቅ። የሳጥኑ ሥር ያለውን ፊቴ ላይ አደረግኩት፣ ለማረጋገጥ ነው።

ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ልፈልግ አልችልም፣ ደስ አለኝ። እትዬ ላቀች "እኔ መጀመሪያም አመድማዋን ነበር ያልኩት" አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም፣ እኔም ጭምር። አቀፍኳቸው።

ሐምሌ 5

ገመዱ ተወጥሯል። ጀልባዋ ከጠዋት እስከ ማታ ትመላለሳለች። ቡና፣ በግ፣ ተማሪ፣ ሙሽራ እንኳ ተሻገረባት። ምሰሶዋ ላይ ባንዲራ ሰቀሉበት። ሸራዋን አብርሃም የማቆያው ጣሪያ ላይ ወጥሮልኝ ማፍሰሱን አቆመ።

ማዶ ለክትባት እንድሻገር ሁለት ጊዜ ተጠየቅኩ። የወሩ ሪፖርት ነበረብኝ። እነሱ ይምጡ፣ መንገዱ እኮ አሁን ቀላል ነው።

ሐምሌ 26

ለየምሥራች በባሏ በኩል ላክሁባት። ማቆያው አያፈስም፣ ነይ አልኳት። "ጎመኔን ነቅዬ ልጨርስ፣ ደግሞ ጀልባው አለ" ብላለች። ወንዙ ድፍርስ ነው፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ደሟን ዛሬም እያሰብኩት ነው።

ነሐሴ 14፣ በችኮላ

ወንዙ ከፍ ብሏል። ጀልባዋ ቆማለች። የዛሬን አሳልፈን ነገ ይሉኛል።

ነሐሴ 16

ዛሬ የሆነውን ነው የምጽፈው።

ከምሳ በኋላ ከማዶ ጥሪ ሰማሁ። የወንድ ድምፅ። የአምናውን ያወቀ ጆሮ ሌላ ነገር አያስብም፤ ያለሁበት ደረቅሁ። አብርሃምና ሁለት ሰዎች ጀልባዋን ይዘው ተሻገሩ። ወንዙ ጎትቷቸው ገመዱ እንደ ክራር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲመለሱ የምሥራች የለችም። አዲሱ ብቻ ነው የመጣው።

"ወልዳለች" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ልጁ ደህና ነው። እሷን ግን ደም፣ ሲስተር። ብንጭናት አትደርስም አሉ።"

መርፌውን ከማቀዝቀዣው አወጣሁ። ጓንት፣ ግሉኮስ፣ ቀንዴን። ሁሉንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዳር ድረስ መጣሁ። ከዚያ እግሬ አልሄድ አለኝ። ውሃው ቡናማ ነበር፣ ይጮኽ ነበር። አብርሃም ጀልባዋ ውስጥ ቆሞ እጁን ዘረጋልኝ።

"ይህችን ጀልባ አንኳኩተሽ፣ ሆዷን ወግተሽ ነው ያመጣሻት" አለኝ። "ታውቂያታለሽ።"

ራሴን አመመኝ አላልኩም። ገባሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን መጋጠሚያዎቹ ላይ ተከልኩ። ደረቅ ነበሩ። መሀል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ ጎኗን ሲመታት ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ የጤነኛ እንጨት ድምፅ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ሌላኛውን ዳር ብቻ ነው የማስታውሰው።

የምሥራች ነጭ ሆና ነበር። መርፌውን ወጋኋት፣ ግሉኮሱን ተከልኩላት፣ ማህፀኗን በእጄ እያሸሁ ቆየሁ። ስትለሰልስብኝ ጫን፣ ስትጠነክርልኝ ፈታ። ከብዙ ቆይታ በኋላ በመዳፌ ሥር ድንጋይ ሆና ተኮማተረች። ደሙ ቆመ። "ሲስተር፣ ጎመኑ ሳይነቀል ቀረ" አለችኝ የምሥራች፣ ዓይኗን ገልጣ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማልቀስና መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ከእነሱ ጋር።

ነሐሴ 17

ደሟን ለመከታተል ማዶ አደርኩ። የየምሥራች ከንፈር ቀለም እየተመለሰለት ነው። ልጁ ወንድ ነው፣ ይጠባል፣ ይጮሃል፣ ምንም አይጎድለው።

ጠዋት ጋሽ ሀብተሥላሴ ማርና ቂጣ ይዘው መጡ። ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ማሩን እየቀመስኩ እውነቱ ወጣ። "ከትናንት በፊት ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አልኩ። "ውሃ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።"

የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ቂጣውን ቆርሰው ሰጡኝ።

"እናውቃለን" አሉ።

"ማን ነገራችሁ?"

"ማን ይነግረናል? እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ፣ ሰው በግንድ ሲሻገር ባየሽ ቁጥር ፊትሽን ታዞሪያለሽ። አገሩ ሁሉ ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን እኔን ላካችሁ?"

"ውሃ የማይፈራ ሰው ብንልክ ቀለም አይቶ ይመለስ ነበር" አሉ፣ ማሩን እየጨመሩልኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ለካ ይህን ነገር ከእኔ በስተቀር ሁሉም ሲያወራው ከርሟል።

ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ጀልባዋ ላይ ቆሜ ነው የተሻገርኩት፤ ገመዱንም በእጄ ስቤያለሁ። ማዶ ክትባት ያልወሰዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፣ ነገ ሣጥኑን ይዤ እሄዳለሁ። አብርሃም "ጠዋት ልምጣ?" አለኝ። ና አልኩት።